ዓሣና ሩዝ፤ ለዐጥንት ጽናት የሚረዳ ማዕድ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ይህን ሜዳ እያቋረጡ ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ክረምት በሆነም ጊዜ ከዳርቻቸው እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ከሐይቁ ዓሣ አንዳንዱ ወገን በዚሁ ወራት ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣል። ውሃ የሚተኛበት ይህ ምድር ቀድሞ ክረምቱን ለእህል የማይመች ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከሰሜን ኮርያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች የሩዝን አዘራር ካሳዩ ወዲህ ግን ውሃው ራሱ ሀብት ሆነ። ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያ በፎገራ ገበሬ ዘንድ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነው፤ በወረታ ከተማም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል። እንግዲህ የጣና ዓሣና የፎገራ ሩዝ ከአንድ ውሃ የሚጠጡ ጎረቤቶች ናቸው።

ነገር ግን እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች በቤታችን ገበታ ላይ አብረው የሚቀርቡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዓሣው በዘይት ተጠብሶ በእንጀራ ይበላል፤ ሩዙም ከጤፍ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ወይም ለሕፃንና ለበሽተኛ በሾርባ መልክ ይሠራል። በዚህ ወር ሁለቱን በአንድ ጎድጓዳ ሳሕን አገናኝተን፣ ጎመንና ሰሊጥ ጨምረን፣ ዐጥንትን የሚረዳ ምግብ አድርገን ለማቅረብ አስበናል። አሠራሩን ከመናገራችን በፊት ግን ለምን እንደሚሠራ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ለማን እንደሚሠራ ማስረዳት ይገባናል።

ብዙ ሰው ዐጥንትን እንደ ድንጋይ የማይለወጥ ነገር አድርጎ ያየዋል። ዐጥንት ግን ሕይወት ያለው አካል ነው፤ አሮጌው ሳያቋርጥ እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም ከመቶው 99 እጅ ያህሉ የሚገኘው በዐጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው አንድ እጅ በደምና በሥጋ ውስጥ እየተዘዋወረ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር፣ ደም እንዲረጋ ይረዳል። ይህ አንድ እጅ ከቶ መጉደል የሌለበት ነውና፣ ሰውነት ከምግብ ያላገኘውን ከዐጥንት ይወስዳል። ስለዚህ ዐጥንት ጎተራ ነው ብንል አንሳሳትም። ጎተራው የሚሞላው በልጅነትና በወጣትነት ነው፤ ዕድሜ ከ30 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚገባው እያነሰ፣ የሚወጣው እየበረከተ ይሄዳል። በሴቶችም ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጪው እጅግ ይፋጠናል። አንዲት አሮጊት ከደጃፏ ደረጃ ተንሸራትታ ስትወድቅ የዳሌ ዐጥንቷ የሚሰበረው ከዚህ የተነሣ ነው። (በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንበል፤ የዳሌ ስብራት የወጌሻ ሥራ አይደለም። ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ያለበት ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት መመሪያ፣ ጎልማሳ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 1200፣ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ግን 1300 ሚሊግራም እንዲያገኝ ይመክራል። ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ የማን እንደ ሆነ ልብ በሉ። የአባወራው አይደለም፤ የእንግዳውም አይደለም፤ በማደግ ላይ ያሉት የወንዶቹና የሴቶቹ ልጆች ነው።

በየቤታችን የሚታየው ግን ምንድን ነው? አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ለእንግዳውና ለአባቷ እጅ ታስታጥባለች፤ ወጡን ታቀርባለች፤ ሌላው ሲበላ ቡናውን ታፈላለች፤ በመጨረሻም ድስቱ ውስጥ የቀረውን በቆመችበት ትቀምሳለች። ከማዕዱ ዙሪያ ብትቀመጥ እንኳ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ከዳር ዳር ትቈርሳለች እንጂ መካከሉን አትደፍርም። ይህን ያደረገችው ንፍገት ደርሶባት አይደለም፤ ጨዋነት ነው ተብላ የተማረችው ነው። ይሁን እንጂ ዐጥንቷ ጨዋነቷን አያውቅላትም። ጎተራዋ ጎዶሎ ሆኖ ታገባለች፤ ፀንሳ ስትወልድና ስታጠባ ለልጇ ዐጥንት የሚሆነውን ከዚያው ከጎዶሎው ላይ ትሰጣለች። ካጠባች በኋላ በደኅና የምትመገብ ሴት የሰጠችውን አብዛኛውን መልሳ ታገኘዋለች፤ የማትመገበው ግን ከየት ታመጣዋለች?

እኛ የጋራውን ማዕድ የምንነቅፍ አይደለንም። አንድ እንጀራ ከበው የሚበሉ ሰዎች ፍቅራቸው እንደሚጠና እናውቃለን፤ ጉርሻም በሳሕን አይተካም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምግቡ ለእያንዳንዱ በየሳሕኑ ተከፍሎ ቢቀርብ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በዓይን ይታያል። ለአባትየው ሁለት ሙዳ ዓሣ፣ ለልጂቱ የጅራቱ ጫፍ ብቻ ደርሶ እንደ ሆነ፣ ማንም ሳይናገር ሁሉም ያየዋል። ሩዝንና ጎድጓዳውን ሳሕን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። የሐይቆቻችን ዋና ዋና ዓሦች ቆረሶና አምባዛ ናቸው፤ በጣናም፣ በዝዋይም፣ በሐዋሳም፣ በጫሞም ይገኛሉ። ሥጋቸው መልካም ፕሮቲን ነው፤ ዐጥንትም ካልሲየም ብቻ አይደለምና፣ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህለው በፕሮቲን የተሠራ ነውና፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን «ዓሣ ለዐጥንት ይበጃል» የሚል ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ከዐጥንቱ የተለየ የቆረሶ ሥጋ 100 ግራም ቢመዘን የሚገኝበት ካልሲየም ከ20 ሚሊግራም አያልፍም። ካልሲየሙ ያለው ሰው በማይበላው በዐጥንቱ ውስጥ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያራርዱ አባ ኮዳ የተባሉት ረጃጅም ወፎች በዙሪያቸው ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ራሱንና ዐጥንቱን የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። ሥጋውን ሰው ይወስዳል፤ ካልሲየሙን አባ ኮዳ ይበላዋል።

የቆረሶ ዐጥንት ጠንካራና ሹል ስለ ሆነ ብሉት ብለን አንመክርም፤ ጉሮሮ ይወጋል። ዐጥንቱ የሚበላለት ዓሣ ትንንሹ ነው፤ በከተማ በየሱቁ የሚገኘው ደግሞ ሰርዲን ነው። ሰርዲን በቆርቆሮው ውስጥ ታሽጎ በብርቱ ሙቀት ስለሚበስል ዐጥንቱ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። 100 ግራም ሰርዲን ከነዐጥንቱ ወደ 380 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ይህም ከአንድ ብርጭቆ ወተት ይበልጣል። አንዳንድ ሰዎች ሰርዲኑን ሰንጥቀው መካከለኛውን ዐጥንት አውጥተው ሲጥሉ እናያለን፤ የጣሉት ዋናውን ነው።

ዐጥንት ቀቅሎ መረቁን መጠጣት ስብራትን ይጠግናል የሚል እምነት በአገራችን የቆየ ነው። መረቁ ለበሽተኛ መልካም ነው፤ ያሞቃል፣ ምግብም ያስወድዳል። ካልሲየሙ ግን ከዐጥንቱ ወደ ውሃው የሚወጣው በጣም ጥቂት ነውና በመረቅ ብቻ አንታመን።

ካልሲየም ቢበላም ያለ ቪታሚን ዲ ከአንጀት ወደ ደም እንደሚገባ ሆኖ አይገባም። ይህን ቪታሚን እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካዊው ሊቅ ኤልመር ማኮለም ከባልደረቦቹ ጋር ያገኘው በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ በሰሜን አውሮፓ ዳርቻ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ለሕፃናት መድኃኒትነት ከዚያ አስቀድሞ ሲሰጥ ኖሯል። ቅባት ያላቸው የባሕር ዓሦች በዚህ ቪታሚን ባለጠጎች ናቸው፤ ቆረሶም መጠነኛ ድርሻ አለው። ትልቁ ምንጭ ግን ፀሐይ ናት፤ ቆዳ በፀሐይ ጨረር አማካይነት ቪታሚኑን ራሱ ይሠራዋልና። አገራችን የ13 ወር ፀሐይ አገር ተብላ ስትጠራ፣ ሪኬትስ የሚባለው የሕፃናት ዐጥንት ልስላሴ ግን በሐኪሞቻችን ዘንድ እንግዳ አይደለም። ምክንያቱም ፀሐይ ማነሷ አይደለም፤ ሕፃኑ ዓይን እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው እየተባለ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጓዳ መዋሉ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባ ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ይህን ቪታሚን አታስገኝም። ሕፃኑን በማለዳ ከደጅ አውጥቶ፣ እግሩንና ክንዱን ገልጦ፣ ጥቂት ጊዜ ማሞቅ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ይቀጥል።

በስዊድን፣ በጀርመን ወይም በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገራቸው ከዚህ ይለያል። በዚያ አገር ክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በቆዳ ላይ ይህን ሥራ መሥራት አትችልም፤ ጠቈር ያለ ቆዳም በበጋ እንኳ ከነጩ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እነርሱ ሳልሞን፣ ሄሪንግና ማኬረል በቀላሉ ያገኛሉና በቆረሶ ፈንታ እነዚያን ይጠቀሙ፤ ቪታሚኑንም በእንክብል መውሰድ ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ስለ ሩዙ እውነቱን እንናገር፤ ሩዝ በካልሲየም ድኻ ነው። 100 ግራም የጤፍ እህል ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም ሲኖረው የነጭ ሩዝ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ እንጀራን ትታችሁ ሩዝ ብሉ ማለታችን አይደለም። ሩዝ በዚህ ምግብ ውስጥ ሥራው ለዓሣውና ለጎመኑ መቀመጫ መሆን ነው፤ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና ለልጆችም ይለሰልሳል። ካልሲየሙን የሚያመጡት አጋሮቹ ናቸው። ከእነርሱም ፊተኛው ጎመን ነው። የበሰለ ጎመን በ100 ግራም ውስጥ ከ100 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ ሰውነትም በደኅና ይቀበለዋል። ቆስጣ ግን ምንም እንኳ ቢያምር የጎመንን ቦታ አይይዝም፤ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በውስጡ ስለ በዛ ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። ገበያ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቆስጣው ቶሎ ስለሚበስል ብቻ እርሱን የምታነሡ እመቤቶች ይህን አስቡ። ሰሊጥም ልጣጩ ያልተገፈፈው ይመረጥ።

ለአምስት ሰው የሚበቃ አሠራሩ እንዲህ ነው።

አስቀድሞ ዓሣው በደንብ ይመረጥ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ በጉንጩ ውስጥ ያለው መተንፈሻው የቀላ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነው። ዓይኑ የደፈረሰውንና ሽታው የከበደውን፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ ተዉት። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድዕቃው ወጥቶ፣ ዐጥንቱ ተለይቶ 500 ግራም ያህል ሥጋ ያስፈልጋል፤ ይህም ከነዐጥንቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ከሚሆን ቆረሶ ይወጣል። ቀሪ ስንጥር ዐጥንት እንዳይኖር ሥጋውን በጣት ዳብሱት፤ ለልጆችና ለአሮጊቶች የሚቀርብ ነውና ይህን ሥራ በጥድፊያ አትሥሩት። ከዚያም አንድ ሎሚ ጨምቃችሁ፣ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል በሙቀጫ ወቅጣችሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ጥቂት ጨው ጨምራችሁ ዓሣውን እሹበት፤ ሩብ ሰዓት ይቆይ። በአንዳንድ ሐይቆቻችን ዳር ዓሣን ጥሬውን መብላት የተለመደ ነው፤ ጥሬ ዓሣ ተውሳክ ሊኖርበት ስለሚችል እኛ አንደግፈውም፤ ሎሚም ተውሳኩን አይገድልም።

ሁለት ብርጭቆ ሩዝ ተለቅሞና ታጥቦ፣ በአራት ብርጭቆ ውሃ፣ በጥቂት ጨውና በአንድ ማንኪያ ዘይት ይጣድ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ድስቱን ግጠሙት፤ ውሃውን ጠጥቶ እስኪያልቅ አታማስሉት፤ ማማሰያ የበዛበት ሩዝ ገንፎ ይሆናል። ከእሳት ካወጣችሁት በኋላም እንደ ተከደነ አሥር ደቂቃ ይረፍ።

ሩዙ በሚበስልበት ጊዜ ሁለት እስር ጎመን ሳይከተፍ ይታጠብ፤ ቀጥሎ በቀጭኑ ይከተፍ። በሌላ ድስት ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ጠብሳችሁ፣ ጎመኑን ጨምራችሁ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አድርጋችሁ ክደኑት። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ጎመንን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን ደፍቶ መጭመቅ በብዙ ቤት ይሠራበታል፤ በዚህ አሠራር ግን ከውሃው ጋር የሚፈስ ብዙ ነገር አለ። ሊወጣ ሲል አንድ ቃሪያ ሰንጥቃችሁ ጣሉበት። ጨውን በመጠኑ አድርጉ፤ ጨው የሚያበዛ ሰው ካልሲየሙን በሽንት ያወጣዋል።

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በምጣድ ላይ ቀለሙ ዳማ እስኪሆን ይታመስ፤ በሙቀጫም ደቀቅ ይደረግ። ከደቀቀ በኋላ ብዙ ቀን አታቆዩት፤ ቅባቱ ይበላሻል።

ዓሣው በመጨረሻ ይሠራል። መጥበሻውን በሁለት ማንኪያ ዘይት አግላችሁ ሙዳዎቹን አንዱን ወገን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ፣ ገልብጣችሁም እንዲሁ አብስሉት። ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት በየንብርብሩ ከተለያየ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይደርቃል። በዘይት የሰጠመው የባሕር ዳር ጥብስ ጣፋጭ መሆኑን አንክድም፤ በየሳምንቱ ለሚበላ ምግብ ግን ይህ ይቀላል።

በየሳሕኑ ሩዙን በታች፣ ጎመኑን በአንድ ወገን፣ ዓሣውን በላይ አድርጋችሁ፣ ሰሊጡን ነስንሳችሁ፣ የሎሚ ቁራጭ አጠገቡ አኑሩ። ስትከፍሉ ለልጆቹ፣ በተለይም ለሴቶቹ፣ ከእናንተ እኩል ስጡ። ጎመኑንም ለአያትየው አብዙላቸው፤ ዓሣ ብቻ ሰጥቶ ጎመኑን መንፈግ ዐጥንታቸውን አይረዳም።

ዓሣ ባልተገኘበት ቀን ለአምስቱ ሰው አራት ቆርቆሮ ሰርዲን ክፈቱ፤ ዘይቱን አንጠፍጥፋችሁ፣ ከነዐጥንቱ በሹካ ደፍጠጥ አድርጋችሁ፣ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ለአምስት ደቂቃ አሙቁት። በካልሲየም ረገድ ከቆረሶው የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ ሰርዲኑ፣ ጎመኑና ሰሊጡ ሲደመሩ ለአንድ ጎልማሳ የዕለቱን ድርሻ ግማሽ ያህል ይሰጡታል። ጨው በውስጡ ስላለ ሌላ አትጨምሩበት።

የዓሣ ነገር ሲነሣ የጾም ነገር መነሣቱ አይቀርም። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ፍርዱም የምግብ አሠራር ገጽ አይደለምና እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕሙማንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሳይጠይቁ ራሳቸውን የሚጎዱ እናቶች ብዙ ናቸውና። እኛ ይህን ማዕድ ያሰብነው ለፍስክ ቀን ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ በፍም ላይ ዓሣ እንዳዘጋጀላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ተጽፏልና፣ ዓሣ ለዚህ ወራት የተገባ ምግብ ነው።

ሆኖም የምእመናን የጾም ቀን በዓመት 180 ያህል ይሆናል። ወተት፣ አይብና ዕንቁላል ከገበታ በሚርቁበት በዚህ ግማሽ ዓመት ጎተራው ባዶውን እንዳይቆይ፣ ይኸው ሳሕን በጾም ልክ ሊሠራ ይችላል። በዓሣው ፈንታ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ ተቀቅሎ ይግባ፤ ጎመኑና ሰሊጡ እጥፍ ይሁኑ፤ በሩዙም ፈንታ የጤፍ እንጀራ ቢሆን የተሻለ ነው። ልጆቹ ሩዙን ካልለቀቁ ግማሽ በግማሽ አድርጉላቸው።

የተረፈ ሩዝ ካለ ከምድጃው አጠገብ ለብ ብሎ እንዲያድር አትተዉት፤ በሙቀት ያደረ ሩዝ ሆድ ያሳምማል። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ቶሎ አቀዝቅዙትና ወደ ማቀዝቀዣ አግቡት፤ በማግሥቱም በደንብ አግላችሁ ብሉት። ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት የሚበቃውን ብቻ ያብስል። የተረፈውን ዓሣ ግን ለማግሥት አታሳድሩት፤ ያን ቀን ማታ ጎረቤት ጥሩበት።